ሰው ሳይሞት የተነፋ ጡሩንባ

የምሥራች ጥይቱን የደበቀችው ዱቄት ዕቃው ውስጥ ነበር። ባሏ ይኸነው ያን ዕለት ጠዋት ምንሽሩን ከተሰቀለበት አውርዶ፣ ጥይት ፍለጋ ራስጌውን ሲገለብጥ፣ ሣጥኑን ሲያራግፍ፣ እሷ ድንቿን እየላጠች ቀና ብላም አላየችው።

«አንቺ፣ ጥይቱስ?»

«የምን ጥይት?»

«እዚህ ራስጌ የነበረው ነዋ!»

«እኔ እንጃ። አይጥ ወስዶት ይሆናል።»

«አይጥ ጥይት ይበላል?»

«የዛሬ አይጥ ምን የማይበላው አለ ብለህ ነው?»

ይኸነው አፈጠጠባት። ሊጮህባት አፉን ሲከፍት ግን የመንደሩ ወንዶች ከውጭ ተጣሩ። ባዶውን ምንሽር አልጋው ላይ ወርውሮ ሽመሉን አነሣ። የበኩር ልጃቸው ዓባይነህ ግን ከአባቱም ቀድሞ ወጥቶ ነበር፤ እጅጌውን ሰብስቦ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ አጋድሞ፣ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው ይጣደፋል።

«ዓባይነህ! አንተ ልጅ ተመለስ! ትገሉኛላችሁ እኮ! ዛሬ ትገሉኛላችሁ!»

«እማዬ ደግሞ፣ ሁልጊዜ 'ትገሉኛላችሁ' እንዳልሽ ነው፤ እስካሁን አለሽ» ብሏት ሄደ።

የምሥራች ክፉ ክፉውን በማሰብ የታወቀች ሴት ናት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ጎረቤቶቿ «የተማረችው ፍርሃት ነው» ይሏታል። ባጃጅ ከዘገየ ተገልብጧል። ልጅ ካሳለው ሳንባው ነው። ኔትወርክ ከጠፋ፣ እሷ ዘንድ ከተማው ተቃጥሏል ማለት ነው። ባለፉት ዓመታት ግን ፍርሃቷን የሚቀልብ ነገር አልጠፋም።

መንደራቸው ያለው ከእንጅባራ፣ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ቆሰበር ከሚሏት ከተማ፣ ወጣ ብሎ ነው። ከመንደሩ በታች ወንዝ አለ፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ መንደር። መካከሉ ላይ ደግሞ ሁለቱም የእኛ ነው የሚሉት የግጦሽ ሜዳ። ክርክሩ መጀመሪያ ቀበሌ ቀርቦ ነበር። የያኔው ሊቀ መንበር «በሚቀጥለው ሳምንት ኑ» አለ። ሲመጡ «በሚቀጥለው» አለ። ቆይቶ እሱ ራሱ መምጣቱን ተወ፤ የድንች ንግድ ጀምሮ በአውቶቡስ ጫግኒ መመላለስ ያዘ፤ የቢሮውም ቁልፍ ኪሱ ውስጥ ሆኖ አብሮት ይነግዳል። በሩ ሲዘጋ ነገሩ አብሮ የሚዘጋ መስሎት ነበር። ነገሩ ግን ወደ ሜዳ ወጣ። አንድ ቀን ከወዲህ ባሕር ዛፍ ተቆርጦ አደረ። ሌላ ቀን ከወዲያ የንብ ቀፎ ተገልብጦ ተገኘ። እገሌ ነው ብሎ የሚከስ ሰው የሚከስበት ቦታ ስለሌለው በጁ ያለውን ድንጋይ አነሣ። ከዚያ ገበያ ላይ መደባደብ መጣ። በመጨረሻም ከሁሉ የባሰው ሆነ፤ ሁለቱ መንደሮች አንዱ የሌላውን ለቅሶ መድረስ ተዉ። በአገው ምድር ደግሞ ጎረቤት ሞቶ ቀብር መቅረት ከዱላም በላይ ነው።

የይኸነው ፈረስ የጠፋው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ቦራው ይሉታል፤ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ጥር ላይ የፈረሰኞቹ በዓል ሲደርስ ግላሱን፣ ያን ጌጠኛ የፈረስ ልብስ፣ ለብሶ ሜዳው ላይ ሲወጣ ሰው ዞሮ ያየዋል። ሠርግም ለቅሶም ቢሆን ይኸነው ያለ ቦራው የትም አይሄድም ነበር። ለምርጥ ዘር ዳንግላ ወርዶ በዋለበት ቀን፣ ሜዳው ላይ የታሰረው ቦራው ሲመሽ ታጣ። ገመዱ የለም። ካስማው የለም። የተነቀለበት ጉድጓድ ብቻ ቀርቷል።

«ሌባ ካልሆነ ከነካስማው ማን ይወስዳል?» አለ ይኸነው። የምሥራች ግን ያን ማታውኑ ጥይቱን ዱቄት አለበሰችው።

ቀናት አለፉ። ጎረቤታቸው እህተማርያም ከገበያ ስትመለስ በማዶ መንደር በኩል አቋርጣ፣ ቢሻው በሚባል ገበሬ ግቢ የቀርከሃ አጥር ሽንቁር ወደ ውስጥ አየች። እህተማርያም የሰው አጥር ካላየች ምሳ አይበላላትም። «አየሁት! ገብስ ይቅማል! እንዲያውም ወፍሯል!» ብላ መጣች። በነጋታው ወንዶቹ ዱላቸውን ይዘው ወረዱ። ይኸው ነው።

የምሥራች የድንቹን ሣህን አስቀመጠችና ነጠላዋን አነሣች። ወዴት እንደምትሄድ አታውቅም ነበር፤ እግሯ ግን ወደ ቀበሌው መራት። ባለፈው ሰሞን ሶስና የምትባል አዲስ ሥራ አስኪያጅ ከዳንግላ መጥታለች ሲባል ሰምታለች። አላመነችም። ብትመጣም ተመልሳ ሄዳለች፣ ባትሄድም ታማለች፣ ባትታመምም ስብሰባ ላይ ናት እያለች ዳገቱን ሮጠች።

ደርሳ ክው አለች። የቀበሌው ቢሮ በር የለውም። ክፍት ነው ሳይሆን በሩ ራሱ የለም። ማጠፊያው ተነቅሎ ግድግዳው ላይ ጠባሳው ብቻ ይታያል።

«ተዘረፈ!» አለች ለራሷ። «ቀበሌውም ተዘረፈ!»

«አልተዘረፈም፤ ይግቡ እትዬ» አለች ከውስጥ አንዲት ቀጭን ልጅ። ሹራቧን እስከ አገጯ ስባ፣ በሁለት በርሜል ላይ የተጋደመ ትልቅ እንጨት ፊት ተቀምጣለች። «ቁልፉ ጫግኒ ነው አሉኝ። አናጢ ጠርቼ በሩን አስነቀልኩት። ጠረጴዛም አልነበረኝም፤ ይኸው ጠረጴዛ ሆነ። ምን ልታዘዝ?»

የምሥራች ቀበሌ ውስጥ «ምን ልታዘዝ» ስትባል የመጀመሪያዋ ስለሆነ ለጊዜው የመጣችበት ጠፋት። ከዚያ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። «ልጄን ሊገሉብኝ ነው። ካልገደሉት ሊገል ነው። ከሁለቱ አይወጣም። ፈረስ ጠፋ፣ ፈረሱ ቢሻው ቤት ተገኘ፣ ወንዶቹ ወንዝ ወረዱ፣ እነዚያም አይተው እየወጡ ነው!»

ሶስና ተነሥታ ከተማ ላሉት ፖሊሶች ደወለች። እንመጣለን አሏት፤ መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ግን መኪናው ቶሎ አይደርስም።

«እኔና እርስዎ ሮጠን እንውረድ» አለች ጫማዋን እያጠበቀች።

«ስንደርስ ያበቃል» አለች የምሥራች። «ወንዙ ሩቅ ነው። ብንጮህም አይሰሙንም። ሰውን ሁሉ ባለበት የሚያቆመው...» ብላ ግንባሯን መታች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ጡሩንባ! የእድሩ ጡሩንባ ይነፋ!»

«የለቅሶው? ሰው ሳይሞት?»

«እስኪሞት ልጠብቅ እንዴ? መሞቱ ላይቀር! ቀድሞ ይነፋ!»

ሶስና ትንሽ አየቻት። ከዚያ በጥርሷ ሳይሆን በዓይኗ ሳቀች። «ጡሩንባ ነፊው የት ነው?»

የጡሩንባ ነፊው የአያ ወገኔ ቤት ከቀበሌው ጀርባ ነው። ደጃቸው ላይ ቁጭ ብለው የቀርከሃ ቅርጫት ይሠራሉ። ሁለቱ ሴቶች እያለከለኩ ሲመጡ ሲያዩ ቅርጫቱን አስቀምጠው ተነሡ።

«ነፍስ ይማር። ማን ነው?»

«ገና ነው አያ ወገኔ» አለች የምሥራች።

«ገና ማለት?»

«ገና አልሞተም። ይንፉት።»

ሽማግሌው ቁጭ አሉ። «ስሚ፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዕድሜዬ ያለ ሬሳ ነፍቼ አላውቅም። አገር ተሰብስቦ 'ሬሳው የታለ?' ሲለኝ ምን ልበል? 'በመንገድ ላይ ነው' ልበል?»

«ካልነፉት እኔ አመጣልዎታለሁ! የልጄን!»

«በእኔ ይሁን አያ» አለች ሶስና። «ማንም ቢጠይቅዎ ቀበሌ አዘዘኝ ይበሉ። እኔ አብሬዎት እቆማለሁ።»

«ቀበሌ?» አያ ወገኔ ከላይ እስከ ታች አዩዋት። «ቀበሌው አለ እንዴ? ቀብረነው አልነበር?» ይህን ብለው ግን ገብተው ጡሩንባውን ከተሰቀለበት አወረዱ። «እንግዲያስ የሞተው ተነሥቷልና ለእሱ ልንፋ።»

ከወንዙ በላይ ካለው ጉብታ ላይ ሲደርሱ የምሥራች ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች፤ በጣቶቿ መካከል ግን ታያለች። የእነሱ ወንዶች ውኃው ውስጥ ገብተዋል። የማዶዎቹ ዱላቸውን ይዘው ዳር ላይ ተደርድረዋል። ከፊት ያለው፣ እጅጌው የተሰበሰበው፣ የእሷ ነው። ሌላ ማን ሊሆን።

አያ ወገኔ ጉንጫቸውን ነፉ። ጡሩንባው ሸለቆውን ሞላው።

ወንዙ ውስጥ ያለውም ዳር ላይ ያለውም ባለበት ቀረ። ወደ ላይ የተነሣ ዱላ ቀስ ብሎ ወረደ። ጡሩንባ ሲነፋ ሰው መጀመሪያ የራሱን ቤት ያስባልና፣ ሁሉም እናቱን፣ አባቱን፣ የታመመ ጎረቤቱን በልቡ ቆጠረ። አንዳንዱ ሳያውቀው ለለቅሶ እንደሚደረገው ጋቢውን አዘቀዘቀ።

«ማን ነው? የማን ቤት ነው?» ይላል አንዱ።

«ከእናንተ ወገን ነው ከኛ?» ይላል የማዶው፤ ከአነጋገሩ ደም ሊያፈስ የመጣ ሰው አይመስልም።

ዓባይነህ ግን አልጠየቀም። «ትገሉኛላችሁ» እያለች ብቻዋን የተዋት እናቱ ትዝ አለችው። ዱላውን ውኃው ውስጥ ጥሎ፣ «እማዬ! እማዬን!» እያለ ዳገቱን በአራት እግሩ ወጣው። ጉብታው ላይ ሲደርስ እናቱ በሕይወት ቆማ፣ ነጠላዋን ገልጣ ታየዋለች።

«አልሞትሽም?»

«ምነው፣ ቸኮልክ?» አለችውና አንገቱ ላይ ተጠመጠመች፤ ከዚያ በጥፊ መታችው፤ ከዚያ ደግሞ ተጠመጠመች።

ይኸነውና ሌሎቹም ተከትለው ወጡ። የማዶዎቹም ወንዙን ተሻግረው መጡ፤ የለቅሶ ጡሩንባ ተነፍቶ ከዳር ቆሞ ማየት አይቻላቸውም። እየመጡ ሳለ ነው ከማዶ መንደር በኩል ጩኸት የተሰማው።

«ያዙልኝ! ያዙልኝ! ኧረ ያዙልኝ!»

ቦራው ነው። ገመዱን ከነካስማው እየጎተተ፣ ጆሮውን አቁሞ፣ ወንዙን ረግጦ ዳገቱን ይወጣል። ከኋላው ቢሻው፣ ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጎ ይሮጣል። ፈረሱ በሰዎቹ መካከል ሰንጥቆ አለፈና አያ ወገኔ አጠገብ ሲደርስ ቆመ። አንገቱን ቀና አደረገ። ቀብር ሲሄድ ከሰልፉ ፊት እንደሚቆመው ቆመ፤ ግላስ ብቻ ነው የጎደለው።

አያ ወገኔ ጡሩንባቸውንና ፈረሱን እያፈራረቁ አዩ።

«ይኸ ፈረስ» አሉ፣ «ለቅሶ ለምዷል።»

ቢሻው እያለከለከ ደረሰ። «ይኸ ርኩስ ፈረስ የማን ነው? አንድ የሚያውቀው ሰው የለም? አባቴ የተቀበረ ቀን ካስማውን እየጎተተ መጥቶ ከፈረሰኞቹ ጋር ተሰለፈ። ቀብሩ አልቆ ሰው ሲበተን እሱ ቀረ። የዳንግላ እንግዶች የረሱት መስሎኝ እዚያ ላክሁ፤ የኛ አይደለም አሉ። አዘና ከተማም ላክሁ፤ አይደለም አሉ። ጅብ እንዳይበላው አስገባሁት። ቀበሌ ላስመዘግብ ብሄድ ብሄድ ዝግ ነው፤ ብሄድ ዝግ ነው! ገብሴን ጨረሰው!»

«የእኔ ነው» አለ ይኸነው ቀስ ብሎ።

«ያንተ?» ቢሻው አፉን ከፈተ። «ያንተ ነው? ታዲያ ያን ቀን አንተ ወዴት ነበርህ?»

ይኸነው መሬት መሬቱን አየ። ዳንግላ ነበርሁ ሊል ፈልጎ ተወው፤ ባይሄድስ ኖሮ ይደርስ ነበር ወይ? ከመንደሩስ የደረሰ ነበር? ያን ቀን ከማዶ ጡሩንባው ሲነፋ ሁሉም ሰምቷል። ሁሉም ጆሮውን ደፍኖ ሥራውን ቀጥሏል። ከዚህ ሁሉ ሰው ካስማውን ነቅሎ የሄደው አንድ ፈረስ ነው።

ይህን ሁሉም እኩል አሰበው መሰል፣ እኩል አንገቱን ደፋ። ቀድማ ቀና ያለችው ጡሩንባውን ሰምታ የመጣችው እህተማርያም ናት።

«እና እኔ ሌባ ያልሁት ለቀስተኛውን ነው?» አለች።

መጀመሪያ ማን እንደሳቀ አይታወቅም። አያ ወገኔ ናቸው የሚሉ አሉ። ሳቁ ግን ወዲህና ወዲያ እያለ ሁሉንም ያዘ፤ ቢሻው ሳይቀር አንድ ጫማውን አውልቆ መሬት ላይ ተቀምጦ ሳቀ፤ ሲስቅ ደግሞ ዓይኑ እንባ ሞላ። ይኸነው አጠገቡ ሄዶ በርከክ አለ። «ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ። ነፍሳቸውን ይማር። ዘገየሁ» አለ በአገውኛ። ከኋላው አንድ በአንድ መጡ። ሽመሎቹ ሣሩ ላይ እንደ ማገዶ ተከምረው፣ የዘገየው ለቅሶ እዚያው ጉብታ ላይ ተደረሰ። ፖሊሶቹ በጭቃ ተለውሰው ሲመጡ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ቢሻውን ሲያጽናና አገኙት። «የተጣላው የታለ?» ቢሉ አያ ወገኔ ፈረሱን አሳዩአቸው።

ሶስና ሰው ሊነሣ ሲል ብድግ አለች።

«ፈረሱ ተገኘ። ሜዳው ግን እንዳለ ነው። ሐሙስ ሁለታችሁም ሽማግሌዎቻችሁን ይዛችሁ ኑ። ከወረዳ መሬት የሚለካ ሰው አስመጣለሁ።»

«ብንመጣ ትገኛለሽ?» አለ ቢሻው። ሲቀልድ አልነበረም፤ ፊቱ የሚያሳዝን ነበር።

«እገኛለሁ።»

«ያኛውም እገኛለሁ ይል ነበር» አለ ይኸነው።

«እሱ የሚዘጋው በር ነበረው» አለች።

ሐሙስ ቀን የምሥራች አላስቻላትም፤ ድንቿን ለገበያ ጭና በቀበሌው በኩል ዞረች። አይመጣም ያለችው የመሬት ለኪው ሜትሩን ይዞ መጥቷል። አይገኙም ያለቻቸው የማዶ ሽማግሌዎች ተገኝተዋል። ከውስጥ ግን ጩኸቱ አይጣል ነው። የባሏ ድምፅ ከሁሉ በላይ ይሰማል፤ የቢሻው ይከተለዋል። «ውሸታም!» ይላል አንዱ። «አንተ ነህ ውሸታም! ድንበሩ ዋርካው ጋ ነው!» ይላል ሌላው። ጠረጴዛውም ዷ ተደርጎ ተመታ።

የምሥራች አህያዋን ይዛ ቆመች።

እህተማርያም እንደ ልማዷ በመስኮቱ በኩል ተንጠራርታ እያየች ነበር።

«ምን እያደረጉ ነው? ዱላ አለ?» አለቻት የምሥራች በሹክሹክታ።

«ምን ዱላ? ይሳደባሉ። የቢሻው አጎት ሦስቴ ተነሥቶ ሦስቴ ተቀመጠ። ልጅቷ ተራ ትሰጣቸዋለች፤ ያለ ተራው የሚጮኸውን ታስወጣዋለች። ባልሽ አንዴ ወጥቶ ተመልሷል።» ዞር ብላ ሳቀች። «ምን ያስፈራሻል፣ አንቺ ሴት? ይጩሁ እንጂ። ከጠዋት ጀምሮ በአፋቸው ብቻ ነው።»

የምሥራች ትንሽ አዳመጠች። ልክ ናት፤ በአፋቸው ብቻ ነው። ወንዶች ሲጮኹ ሰምታ፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ልጇ የት እንዳለ አልፈለገችም።

«ቢሆንም» አለች፣ «ጉሮሯቸው ይቆስላል።»

አህያዋን ገፋ አድርጋ፣ ገበያው ሳይበተን ለመድረስ የቆሰበርን መንገድ ያዘች።